አነስተኛ ቤትና ገዢ፦ የአዳማ የቤት ገበያ ታሪክ

በአዳማ አነስተኛ ቤት ለሽያጭ አቅርቦ ገዢ የጠፋበት ሰው ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ከግድግዳው እርጅና፣ ከክፍሎቹ ማነስ ወይም ከደላላው ስንፍና ይፈልጋል። የከተማዋ የቤት ገበያ ታሪክ የሚያሳየው ግን የትንሽ ቤት ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ከቤቱ ውጭ ባሉ ሦስት ነገሮች መሆኑን ነው፤ እነሱም ቤቱ ያረፈበት መሬት በማን እጅ እንደሆነ፣ የይዞታው ወረቀት ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነና ለገዢው ገንዘብ ማን እንደሚያበድረው ናቸው። በተፈራረቁት መንግሥታት ሁሉ ዘመን ትንሹ ቤት በሁለት ዓይነት ሰዎች መካከል ተንጠልጥሎ ኖሯል። ገንዘብ ያለው ሰው የሚፈልገው ሰፊ ቦታ ነው፤ ትንሽ ቤት የሚበቃው ሰው ደግሞ ጥሬ ገንዘብ የለውም።

የባቡር ጣቢያ ከተማ

አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በኮረብታዎች ተከባ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አካባቢው የኦሮሞ አርብቶ አደሮችና አርሶ አደሮች የግጦሽና የእርሻ ምድር ነበር። ወደ ከተማነት የለወጠው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማም ከጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች። በጣቢያው ዙሪያ መጋዘን፣ ሱቅ፣ ሻይ ቤትና አልቤርጎ ተከፈተ፤ ከአርሲና ከባሌ የሚመጣ እህል በዚያው በኩል ይራገፍና ይጫን ጀመር። ነጋዴው፣ ጫኝ አውራጁና የባቡር ሠራተኛው የሚያድርበት ቤት አስፈለገው።

የዚያን ጊዜው ትንሽ ቤት በእንጨት ማገርና በጭቃ የተሠራ፣ ጭድ በተቀላቀለበት ምርጊት የተለሰነና አቅም ሲፈቅድ ቆርቆሮ የለበሰ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የተሠሩት መንገዶች የከተማዋን የመጋጠሚያነት ሚና አጠናከሩት። ከነጻነት በኋላም ከተማዋ ናዝሬት በሚል ስም እየሰፋች ሄደች። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ከፈተ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። ደመወዝተኛ ሠራተኛና ነጋዴ በበዛ ቁጥር የክፍል ኪራይ ፍላጎትም አብሮ አደገ።

በዚያ ዘመን ቤት የሸጠ ሰው መሬቱንም አብሮ መሸጥ ይችል ነበር። ስለዚህ ትንሽ ቤት ሰፋ ባለ ግቢ ውስጥ ካለ ገዢ አያጣም ነበር። ቤቱን ሳይሆን ቦታውን የፈለገ ነጋዴ ገዝቶ፣ ግቢው ውስጥ ተከታታይ ክፍሎች ሠርቶ ያከራይበታል። በሰው መሬት ላይ የተሠራ ቤት ግን ገዢው ከባለመሬቱ ጋር የሚኖረው ነገር ስለሚያሳስበው ዋጋው ዝቅ ይላል። የአብዛኛው ከተሜ ኑሮ በኪራይ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ትንሽ ቤት ለመኖሪያነት የሚገዛው ሰው ቁጥር ከመጀመሪያውም ውስን ነበር።

ከእማኝ ወደ ጽሑፍ ውል

ሽያጩ የሚጀመረው በደላላ ነበር። ደላላው ገዢና ሻጭ ያገናኛል፤ ድርድሩ በሽማግሌ ፊት ይካሄዳል፤ ስምምነት ሲደረስ ገዢው ቀብድ ይሰጣል፤ እማኞች ባሉበት ውል ይጻፋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ይህን ልማድ ዘመናዊ ቅርጽ ሰጡት። የንግድ ሕጉ ደላላን በግሉ የሚሠራና ለጥቅም ብሎ ተዋዋዮችን የሚያገናኝ ባለሙያ አድርጎ አወቀው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና ደነገገ። በአንቀጽ 1723 ደግሞ እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ እንዲመዘገብ አዘዘ።

ቀብድም በሕጉ ቦታ አገኘ። ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ እንደተደነገገው ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጩ ከቀየረ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ደንብ አቅሙ ደካማ የሆነውን ሻጭ በተለየ መንገድ ይነካዋል። ትንሽ ቤቱን ለመሸጥ የሚነሣው ሰው ብዙ ጊዜ ሕመም፣ ዕዳ ወይም የልጅ ጉዳይ የገፋው በመሆኑ ቀብዱ እጁ እንደገባ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የተሻለ ዋጋ የሚያቀርብ ሰው ቢመጣ እንኳ እጥፉን መመለስ ስለማይችል በመጀመሪያው ዋጋ ታስሮ ይቀራል። ገዢው ቀሪውን ገንዘብ ሳይከፍል ሲያጓትትም ሌላ ገዢ ቤቱን ለማየት አይመጣም፤ «ቀብድ የተበላበት ቤት» የሚለው ወሬ በሰፈሩ ከተሰማ በቂ ነው።

የ1967 ዓ.ም. አዋጅ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሀብት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመሥሪያ የሚፈቀደውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ሆነ። የከተማ ቦታ ሽያጭና ሌላው ማንኛውም የቦታ ማስተላለፍ ቀረ። ባለንብረቱ መሸጥ የሚችለው ቤቱን ብቻ ነበር፤ በዚያም ላይ መንግሥት የመቅደም መብት ነበረው።

አዋጁ የናዝሬትን የቤት ገበያ ከሁለቱም በኩል አቀዘቀዘው። በገዢው በኩል፣ ቤት ያለው ሰው ሁለተኛ ቤት መግዛት ስለማይችል ለኪራይ ብሎ ትንሽ ቤት የሚገዛው ነጋዴ ከገበያው ወጣ። የተከራዩም ጉጉት ቀነሰ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩ የተወረሱ ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በተለምዶ በቀበሌ፣ እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም በአዋጁ ተቀነሰ። ከ100 ብር በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። በጥቂት ብር ቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ያለ የሌለ ጥሪቱን አውጥቶ ያረጀ የጭቃ ቤት የሚገዛበት ምክንያት አልነበረውም። በሻጩ በኩል ደግሞ አንዷን ቤቱን የሸጠ ሰው ሌላ ስለማግኘቱ እርግጠኛ ስላልነበር ችግር ገፍቶ ካልመጣበት በቀር አይሸጥም ነበር።

በሕግ የተቆለፈ ገበያ በጎን ይከፈታል። ወረቀቱ ላይ የሻጩ ስም እንዳለ ቤቱን በውክልና ለገዢው ማስረከብ፣ የሽያጩን ገንዘብም የብድር ወይም የስጦታ መልክ ማስያዝ በኢትዮጵያ ከተሞች የተለመደ ሆነ። እንዲህ የተላለፉ ቤቶች ለሚቀጥለው ትውልድ ሻጭ ዕዳ ይዘው መጥተዋል፤ ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናው አብሮ ስለሚያበቃ ገዢው ከወራሾቹ ጋር እንደ አዲስ መደራደር አለበት።

የዚያ ዘመን አንድ ቅርስ ዛሬም በሻጮች ፌስታል ውስጥ ይገኛል። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር በየዓመቱ እንዲከፈል አደረገ። የግብር ደረሰኙ የባለቤትነት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ ሆኖም ካርታ በሌለበት ቤት ሻጩ የሚያቀርበው ዋናው የይዞታ ማስረጃ እሱ ሆኖ ቆይቷል። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጠርዙ የተበላ የደረሰኝ ጥቅል ይዘው የሚመጡ አረጋውያን ሻጮች በደላሎች ዘንድ የታወቁ ናቸው።

ሊዝና የክልል መዲናነት

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 80፣ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። የአንድ ቤት ገደብ ቀረና የቤት ሽያጭ ነፍስ ዘራ። በሕግ የሚሸጠው ቤቱ ቢሆንም በገበያው ድርድሩ በካሬ ሆነ። የደላላው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ካሬ ነው?» የሚል እንጂ «ስንት ክፍል አለው?» የሚል አይደለም። ስለዚህ 300 ካሬ ላይ ያረፈ ጎጆ በ75 ካሬ ላይ ተጠጋግቶ ከተሠራ ደህና ብሎኬት ቤት ይልቅ ቶሎ ይሸጣል።

የሕዝቡ ቁጥር በፍጥነት አደገ። በ1987ቱ ቆጠራ 127,842 የነበረው የከተማዋ ነዋሪ በ1999ኙ ቆጠራ 220,212 ደረሰ። በ1985 ዓ.ም. የተከፈተው የቴክኒክ ኮሌጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ከተማዋ አዳማ የሚለውን ስሟን በይፋ መልሳ አገኘች፤ የኦሮሚያ ክልል መዲናም ከአዲስ አበባ ወደ እሷ ተዛወረ። የቢሮ ሠራተኞች መምጣት ኪራዩን ከፍ አደረገው፤ ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ትንሽ ቤትም ገቢ የሚያስገኝ ሀብት ሆነ። በ1997 ዓ.ም. መዲናነቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ግን የዚያ ፍላጎት አንዱ ምሰሶ ተነሣ። በሠራተኛ ተከራይ ተስፋ የተሠራ ክፍል ተማሪና ነጋዴ ተከራይ መፈለግ ነበረበት። የከተማ ቤት ዋጋ በአንድ የአስተዳደር ውሳኔ ሊለወጥ እንደሚችል የአዳማ ነዋሪ በአምስት ዓመት ውስጥ ወጥቶ ሲወርድ አይቷል።

ኮንዶሚኒየም ገበያ ሲገባ

በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ክልል ከተሞች ሲሰፋ አዳማንም ደረሰ። ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ቤቶቹ ከተማዋ ያላየችው የትንሽ ቤት ዓይነት ነበሩ፤ መሬት አልባ፣ ግቢ አልባ፣ ግን ንጹሕ ወረቀት ያላቸው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ዕጣ ለማግኘት ሲሰለፍ በክልል ከተሞች ግን ፍላጎቱ ቀዝቃዛ ነበር። ቅድመ ክፍያው ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ከባድ ነበር። ግቢ ውስጥ ዶሮ ማርባት፣ በርበሬ ማስጣት፣ ድንኳን ጥሎ ሐዘንና ሠርግ ማስተናገድ ለለመደ ሰው ፎቅ ላይ መውጣት አልተዋጠለትም። በመጠነኛ ዋጋ ቦታ ማግኘት በሚቻልበት ከተማ ቤተሰቡ በማኅበር ተደራጅቶ የራሱን ቤት መሥራት ይመርጥ ነበር። መርሐ ግብሩም በክልል ከተሞች ብዙም ሳይቆይ ተቀዛቀዘ።

ኮንዶሚኒየም ለአሮጌው ትንሽ ቤት ግን ተወዳዳሪ ሆነበት። ውሃና መጸዳጃ በውስጡ ያለው ባለ አንድ መኝታ ቤት፣ የጋራ መጸዳጃ ካለው የጭቃ ቤት ጋር ሲተያይ ወጣት ባልና ሚስትን ይማርካል። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ መከልከሉ ፉክክሩን ለጊዜው አዘገየው፤ በውክልና የሚደረገውን ስውር ሽያጭ ግን አላስቀረውም።

የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ

በኅዳር 2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ከሁሉም ይልቅ የአሮጌ ሰፈሮችን ሻጮች ይመለከታል። በአዋጁ መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ሥሪት ይገባል። ልጅ ከአባቱ ሲወርስ ነባሩ ይዞታ ይቀጥላል፤ ባዳ ሲገዛ ግን የሊዝ ውል ይገባል፣ ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት በሚደርስ ዘመን። ከዚያ ወዲህ በድርድሩ ላይ አዲስ የወጪ ዓይነት ተጨመረ። በ1990 ዓ.ም. አዋጅ የተጣለው የንብረት ዋጋ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥና የስመ ሀብት ማዛወሪያው ክፍያም አለ። «ስም ማዞሪያውን ማን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ በቪላ ሽያጭ ላይ የዋጋው ጥቂት እጅ ነው፤ በትንሽ ቤት ላይ ግን ስምምነት የሚያፈርስ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው የመጨረሻዋን ሳንቲም ለቤቱ ዋጋ ያዋጣ ነውና።

የከተማ ፕላንም የራሱን ጫና አሳድሯል። በዋና ጎዳና ዳር ያሉ ቦታዎች ላይ ፎቅ እንዲሠራ ሲወሰን በዚያ ያለ ትንሽ ቤት ለመኖሪያ የሚፈልግ ሰው አይገዛውም፤ ማደስ አይፈቀድለትምና። ፎቅ መሥራት የሚችለው ባለሀብት ደግሞ አንዱ ቦታ ብቻውን አይበቃውም፤ የጎረቤቱንም ይፈልጋል። ጎረቤቱ «አልሸጥም» ካለ ሁለቱም ቤቶች ይቆማሉ። ከተወሰነ ስፋት በታች ቦታ ከፍሎ የተለየ ካርታ ማውጣት ስለማይቻልም ግቢውን ከፍሎ ግማሹን ብቻ ለመሸጥ የሚያስብ ባለቤት በር ይዘጋበታል።

ወረቀት፣ ወራሽና ፊርማ

የውል ምዝገባ ጉዳይ በ1999 ዓ.ም. አዲስ ክብደት አገኘ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በአንቀጽ 1723 መሠረት ካልተመዘገበ እንደማይጸና ተረጎመ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 መሠረት የሰበር ትርጉም በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ በመሆኑ ውሳኔው ኦሮሚያንም ይመለከት ነበር። ኋላ በተሰጠ ውሳኔ ሻጩ ውሉን ካላስተባበለ አለመመዝገቡ ብቻ ውሉን እንደማያፈርስ ቢገለጽም፣ ገዢዎች ከዚያ በኋላ በእማኝ ፊት ብቻ በተጻፈ ውል መተማመን ቀንሰዋል። አሁን የሚጠየቀው ካርታ ያለውና ወደ ውልና ማስረጃ ሊኬድበት የሚችል ቤት ነው።

ብዙ ትንንሽ ቤቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ቤት በአብዛኛው የውርስ ቤት ነው፤ የውርስ ቤት ደግሞ የብዙ ሰው ነው። አራት ወራሾች ቢኖሩና አንዱ ውጭ አገር፣ ሌላዋ ሻሸመኔ፣ ሦስተኛው ከቤቱ ሳይወጣ የሚኖር ቢሆን፣ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ውክልናና የሁሉም ፊርማ እስኪሰበሰብ ገዢው ሌላ ቤት ያገኛል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ቤትም ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም ለተጋቢዎች የጋራ ንብረት ጥበቃ ያደርጋል። ከከተማዋ ዳር በግብርና መሬት ላይ ያለ ፈቃድ የተሠሩት የጨረቃ ቤቶች ካርታ ስለሌላቸው ዋጋቸው በጣም ይረክሳል፤ ገዢው ቤቱን ብቻ ሳይሆን የመፍረስ ስጋቱንም አብሮ ይገዛልና።

ደላላውና ገዢው

በአዳማ የቤት ደላላ ሥራ ሰፈር ሰፈሩን የተከፋፈለ ነው። የፍራንኮ ሰፈርን ቤት የሚያውቀው የቦኩ ሰፈርን ላያውቅ ይችላል። የተለመደው ኮሚሽን 2 በመቶ ነው። ሻጩ «እኔ ይህን ያህል ከደረሰኝ ይበቃኛል» ብሎ የሚቆርጠው ዋጋ ካለ ከዚያ በላይ የተገኘውን ደላላው የሚወስድበት ልማድም አለ። ይህ ልማድ ሻጩን ይጎዳል፤ ለገዢው የሚነገረው ዋጋ ሻጩ ከሚያውቀው ስለሚበልጥ ቤቱ ሳይጎበኝ «ውድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ኮሚሽኑ በመቶኛ መሆኑም የራሱ ውጤት አለው። አንድ ቪላ ማሻሻጥና አንድ የጭቃ ቤት ማሻሻጥ ለደላላው እኩል ምልልስ ነው፤ ገቢው ግን አይገናኝም። ስለዚህ ገዢ ይዞ ሲዞር ትንሹን ቤት መጨረሻ ላይ ያሳያል፣ አንዳንዴም ትልቁን ለማድመቅ ብቻ ያሳየዋል። አንድን ቤት ለአምስትና ለስድስት ደላላ መስጠት ይህን ለመከላከል የሚደረግ ቢሆንም፣ ያው ቤት በተለያየ ዋጋ ሲጠራ ገዢው ይጠራጠራል።

ገዢው ራሱ በሩ ላይ ሲቆም የሚጠይቀው ከከተማዋ ተፈጥሮ ጋር የተያያዘ ነው። አዳማ በኮረብታዎች መካከል ያለች ሜዳ በመሆኗ የክረምት ጎርፍ ከተራሮቹ ወደ ሰፈሮች ይወርዳል፤ የአካባቢው አፈርም በቀላሉ ይሸረሸራል። ልምድ ያለው ገዢ የሚያየው ግድግዳው ከወለሉ በላይ እስከ ጉልበት ድረስ የውሃ ምልክት ይዞ እንደሆነ ነው። በአዲስ ኖራ የተቀባ የግድግዳ ሥር ከማሳመር ይልቅ ጥርጣሬ ያስነሣል። ቀጥሎ የውሃና የመብራት ቆጣሪው የግል መሆኑን ይጠይቃል፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት በወንጂና በአካባቢው ጥርስና አጥንት ሲጎዳ ኖሯልና የከተማው የቧንቧ ውሃ መግባቱ ዋጋ ያለው ነገር ነው። መኪና የሚያስገባ በርና መንገድ መኖሩ ደግሞ መኪና የሌለውን ገዢ ሳይቀር ያሳስበዋል፣ ነገ ሲሸጥ ይጠየቃልና።

የገንዘብ ምንጭ

በአገሪቱ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ የባንክ ብድር ሁልጊዜ ጠባብ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤትና ቁጠባ ባንክ ለዚሁ የታሰበ ነበር፤ በኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ባንኮች ለብድር መያዣ የሚቀበሉት ካርታ ያለውና በጽኑ ዕቃ የተሠራ ቤት በመሆኑ የጭቃ ቤት ገዢ በብድር አይገዛም። የገንዘብ ምንጩ ዕቁብ፣ ከዘመድ የተበደረ፣ ከወንጂ ወይም ከመተሐራ ጡረታ የወጣ ሰው ቁጠባ፣ ወይም ከዐረብ አገር ልጅ የምትልከው ገንዘብ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ለተሽከርካሪ ክፍት የሆነው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ፣ በኋላም አዲሱ የባቡር መስመርና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የአዲስ አበባን ገንዘብ ወደ አዳማ አቀረቡ። የመጣው ገንዘብ ግን ያረፈው በሆቴል፣ በፎቅና በሰፊ ቦታ ላይ ነው። ትንሹ ቤት ያገኘው የዋጋ ጭማሪውን እንጂ ገዢውን አይደለም፤ የጎረቤት ሰፊ ቦታ የተሸጠበትን ዋጋ የሰማ ባለቤት የራሱንም በዚያው ሒሳብ ያሰላል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ ብድር ይበልጥ ጠበበ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ሻጮች የብርን መድከም እያሰቡ ዋጋ ከፍ ያደርጋሉ፤ ገዢዎች በበኩላቸው ደመወዛቸው አብሮ ስላላደገ ይጠብቃሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የተሸጡት ትንንሽ ቤቶች የሚጋሯቸው ነገሮች አሉ። ወረቀታቸው ከማስታወቂያው በፊት አልቋል፤ ወራሾቹ ፈርመዋል፣ ግብሩ ተከፍሏል፣ ካርታው በሻጩ ስም ነው። ዋጋቸው በሰፈሩ በተጠራው ከፍተኛ ዋጋ ሳይሆን በእርግጥ በተከፈለው ዋጋ ተተምኗል። ክፍሎቹ ተከራይ ስላላቸው ገዢው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የሚገባውን ኪራይ ማስላት ይችላል። ብዙ ጊዜም የሚገዛቸው ከሩቅ የመጣ ሰው አይደለም፤ ግቢውን ማስፋት የሚፈልገው አጥር የሚጋራው ጎረቤት ወይም ለዓመታት የኖረበት ተከራይ ነው። ለእነዚህ ሁለቱ የቦታው ጥበት፣ የጎርፉ ነገርና የወራሾቹ ማንነት አዲስ ወሬ ስላልሆነ ሌላውን ገዢ የሚያርቀው ነገር እነሱን አያርቃቸውም።